ከጋን ወደ ቱቦ፦ ተከታታይ ፍሰት ኬሚስትሪ ለእኛ ምን ይሠራል?

(በማኅበራችን የዘንድሮ የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ግማሽ ሰዓት ሰጥቶኛል፤ ርዕሱንም የመረጠው እሱው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማኅበሩ ዘንድሮ ለኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ስጦታ ለማበርከት ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ደግሞ «የፍሎው ኬሚስትሪ» ማሽን ሙሉውን ገዝተን እናስገባ የሚል ነው። ሐሳቡን ያመጡት ውጭ አገር በመድኃኒት ሥራ ላይ ያሉ ጓደኞቻችን ናቸው፤ ቅንነታቸውን አውቃለሁ፤ ዕውቀታቸውንም እንዲሁ። እኔ ዕውቀቱን እደግፋለሁ፣ ማሽኑን ግን አልደግፍም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንነጋገር ይገባል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሕግም፣ የታሪክም፣ የሒሳብም ምሩቃን አላችሁ፤ ገንዘቡ ግን የሁላችሁም ስለሆነ ሁላችሁም ልትረዱት ይገባል። የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኬሚስትሪን ሁላችንም የተማርነው በጋን ነው። ጋን ስል ያንን ክብ ፍላስክ፣ በፋብሪካ ደረጃ ደግሞ ሺህ ሊትር የሚይዘውን ባለ ማማሰያ በርሜል ማለቴ ነው። አሠራሩ የጠላ ጠመቃ ነው። ብቅሉን፣ ጌሾውን፣ ውኃውን ትጨምራላችሁ፤ ትከድናላችሁ፤ ትጠብቃላችሁ። ሲደርስ ትቀዳላችሁ፣ ጋኑን አጥባችሁ በወይራ አጥናችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። ኬሚስቶች ይኼን «ባች» ይሉታል። እያንዳንዱ ጋን የራሱ ጠባይ አለው፤ ባለሙያዋም ብትሆን «የዛሬው ትንሽ ቀጥኗል» የምትልበት ቀን አለ።

ወፍጮ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። እህሉ ከላይ ያለማቋረጥ ይገባል፣ ዱቄቱ ከታች ያለማቋረጥ ይወጣል። በአንዲት ቅጽበት በድንጋዮቹ መካከል ያለው እህል አንድ ጣሳ እንኳ አይሞላም፤ እስከ ማታ ግን ስንት ኩንታል ይፈጫል። ወፍጮው ብዙ የሚያወጣው ትልቅ ስለሆነ ሳይሆን ስለማያቆም ነው። ባለ ወፍጮው እጁን ከላይ አድርጎ የእህሉን አገባብ ይቆጣጠራል፤ አብዝቶ ካጎረሰው ዱቄቱ ሻካራ ይወጣል፣ ቀነስ ካደረገው ይልማል።

ተከታታይ ፍሰት ኬሚስትሪ ማለት እንግዲህ አጸግብሮቱን፣ እኛ በተለምዶ ሪአክሽን የምንለውን፣ ከጋኑ አውጥቶ ወደ ወፍጮው መውሰድ ነው። ሁለት ፓምፖች ሁለት ፈሳሾችን ይገፋሉ። ፈሳሾቹ አንዲት ትንሽ መገጣጠሚያ ላይ ይገናኙና በተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ውስጥ አብረው ይጓዛሉ። ጥቅሉ እንደ ጉዳዩ ሙቅ ዘይት ወይም በረዶ ውስጥ ተነክሯል። በወዲያኛው ጫፍ ውጤቱ ይንጠባጠባል። በቃ፣ ይኼው ነው።

የባለ ወፍጮውን እጅ የሚተካው «የቆይታ ጊዜ» የምንለው ነገር ነው። ቱቦው በጠቅላላ 10 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ ፓምፖቹም ተደምረው በደቂቃ 2 ሚሊ ሊትር ቢገፉ፣ ፈሳሹ ውስጥ የሚቆየው 5 ደቂቃ ነው። 10 ለ2 ሲካፈል 5፤ ከዚህ የከበደ ሒሳብ የለውም። ፍላስክ ውስጥ ጊዜን የምናነበው ከግድግዳ ሰዓት ነው፤ ቱቦ ውስጥ ግን ጊዜ ርዝመት ይሆናል። ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተማሪዎቻችን ያዘጋጁትን ስታዩ ይኼ ይገባችኋል። ጤና ጣቢያ ቁስል የሚቀባውን ሐምራዊ ጂቪ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የኬሚስትሪ ስሙ ክሪስታል ቫዮሌት ነው። ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ቀለሙን ያጣል። ልጆቹ ውስጡ 1 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ 10 ሜትር የሚረዝም ቱቦ ጠቅልለዋል፤ 8 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። በደቂቃ 2 ሚሊ ሊትር ሲገፋ እያንዳንዱ ሜትር 24 ሰከንድ ገደማ ነው። መጀመሪያው ጥቁር ሐምራዊ፣ መካከሉ ፈዛዛ፣ መጨረሻው ውኃ የሚመስል ቱቦ ታያላችሁ። ፈሳሹ ይሮጣል፤ ቀለሙ ግን ቱቦው ላይ የተሳለ ይመስል ካለበት አይነቃነቅም። የአጸግብሮት ፍጥነትን ሰሌዳ ላይ በቀመር ብቻ የተማረ ሰው አንድ ጊዜ ይኼን ቢያይ አይረሳውም።

ይኼ ዛሬ የተፈለሰፈ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዚህ አዳራሽ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ብትወጡ ገፈርሳን ታገኛላችሁ። የምዕራቡን የከተማችንን ክፍል ሲያጠጣ የኖረው ውኃ የሚጣራው እዚያ ነው። ማንም የውኃ ማጣሪያ ጋን እየሞላ፣ እየከደነ፣ እየጠበቀ ከተማ ሊያጠጣ አይችልም። ውኃው ሳያቋርጥ እየፈሰሰ አሉሚኒየም ሰልፌት ይገባበታል፣ ጭቃው እየተያያዘ ይረጋል፣ ቀሪው በአሸዋ ይጣራል፣ በመጨረሻ ክሎሪን ይጨመርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ክሎሪኑ ከውኃው ጋር ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲቆይ፣ ከዚያም በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም ነፃ ክሎሪን እንዲተርፍ ይላል። ያ 30 ደቂቃ የቆይታ ጊዜ ነው። የክሎሪን ገንዳዎች ውስጥ ግድግዳ እየተሠራ ውኃው እንዲጠማዘዝ የሚደረገውም ለዚሁ ነው፤ አለዚያ መካከሉን ቀድሞ ሮጦ ክሎሪኑ በወጉ ሳያገኘው የሚያመልጥ ውኃ ይኖራል። በቀጭን ቱቦም ቢሆን መካከሉ ከጠርዙ ይቀድማል፤ ስለዚህ ቅድም «ፈሳሹ የሚቆየው 5 ደቂቃ ነው» ያልኩት አማካዩን ነው። መሐንዲሶች ይኼን ሳልናገር ባልፍ ኖሮ ሻይ ሰዓት ላይ ይይዙኝ ነበር።

አሉሚኒየም ሰልፌቱንም ቢሆን የሚሠራልን ፋብሪካ አለን፤ አዋሽ መልካሳ ነው። እዚያው ሰልፈሪክ አሲድም ይመረታል። ድኝ ይቃጠላል፣ ጋዙ በካታሊስት ንጣፎች ላይ ያልፋል፣ አሲድ ሆኖ ይወጣል፤ ይኼ ሁሉ ሳይቆም። ሲሚንቶም በሚሽከረከረው ረጅም ምድጃ እንዲሁ ነው። ብዙ የሚፈለግ ነገር ሁሉ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ወደ ፍሰት ሄዷል፤ የሀበርና የቦሽ አሞኒያ በ1913 ኦፓው ላይ መመረት ሲጀምር በፍሰት ነው። ጋኑ ላይ የቀረው የመድኃኒቱ ዓለም ነው። ለዚህም ደኅና ምክንያት ነበረው። መድኃኒት በዓይነቱ ብዙ፣ በመጠኑ ትንሽ ነው። አንድ በርሜል ይዘህ በጥር አንዱን፣ በየካቲት ሌላውን መሥራት ትችላለህ። ቱቦ ግን ለአንድ ሥራ የተበጀ ነው፤ ሥራው ሲቀየር ፈትቶ መገጣጠም ይጠይቃል።

ታዲያ ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ የመድኃኒት ኬሚስቶች ወደ ቱቦው ለምን ዞሩ? ዋናው ሙቀት ነው። 1 ሜትር የሚሰፋ በርሜል ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ፈሳሽ 4 ሜትር ካሬ የጎን ግድግዳ አለው። 1 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቱቦ ለዚያው መጠን 4,000 ሜትር ካሬ አለው፤ ሺህ እጥፍ። ሙቀት የሚገባውም የሚወጣውም በግድግዳ ነው። ገንፎ መካከሉ ሳይበስል ከሥሩ ሲያር፣ እንጀራ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ዳር እስከ ዳር እኩል የሚበስለው በዚሁ ነው፤ ስስ ስለሆነ።

ሁለተኛው ግፊት ነው፤ ይኼኛው ለእኛ ለደገኞቹ በተለይ ይጠቅመናል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላ ቶሎ አይበስልም የምትሉ እናቶች ልክ ናችሁ። የአውሮፓ መጽሐፍ «በሚፈላ ኢታኖል ውስጥ 8 ሰዓት አቆየው» ሲል የእሱ ኢታኖል በ78 ዲግሪ ይፈላል፣ የእኛ ግን በ71 ገደማ። በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ በእጥፍ ይለወጣል በሚለው የቆየ ግምት ብንሄድ፣ የእነሱ 8 ሰዓት ለእኛ 13 ሰዓት ነው። ተማሪው ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ማታ ጥበቃው በር ሊዘጋ ሲመጣ አልጨረሰም። ቱቦው ጫፍ ላይ ግን የግፊት መቆጣጠሪያ የምትባል አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ትገጠማለች። በ7 ባር ብታግዱት ኢታኖሉ በ130 ዲግሪም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ከ70 ወደ 130 ስድስት እርከን ነው፤ በዚያው ግምት 64 እጥፍ ፍጥነት። 16 ሰዓት የሚወስደው 15 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ቱቦው ኮልፌ ይሁን ሐምቡርግ አያውቅም። ቤት ውስጥ ፕሬሸር ኩከር ያላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ልዩነቱ እዚህ በአንድ ጊዜ ትኩስ የሚሆነው 10 ሚሊ ሊትር ብቻ መሆኑ ነው።

የመጠኑ ማነስ ሦስተኛውን ነገር ያመጣል፤ አደጋን። በታኅሣሥ 1984 ሕንድ ውስጥ ቦፓል ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከፀረ ተባይ ፋብሪካ 40 ቶን ገደማ ሜቲል አይሶሳያኔት አምልጦ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በተኛበት ገደለ። ለኬሚስት የሚቆረቁረው ይኼ ነው፦ ያ መርዝ ለሽያጭ የሚቀርበው ምርት አልነበረም። መንገድ ላይ የሚፈጠር፣ ቀጥሎ ወደ ሌላ ነገር የሚለወጥ መሸጋገሪያ ነው። ግን ተከማችቶ ተቀምጦ ነበር። በፍሰት ሲሆን እንዲህ ያለው መሸጋገሪያ በአንዱ ሜትር ላይ ተፈጥሮ በሚቀጥለው ሜትር ላይ ያልቃል፤ በማንኛዋም ቅጽበት ያለው ጥቂት ግራም ነው። በፍላስክ ለተማሪ የማልፈቅዳቸው ሥራዎች አሉ፤ ናይትሬሽን፣ አዛይድ፣ ዳያዞሜቴን። በቱቦ፣ ከጥሩ ጭስ መሳቢያ በታች፣ ልፈቅዳቸው የምችላቸው አሉ። ሁሉንም አላልኩም።

መብራት ቢጠፋስ? ይኼን ጥያቄ እዚህ አገር ሳልመልስ መሄድ አልችልም። ማማሰያውም ማቀዝቀዣውም የቆመበት 500 ሊትር በርሜል አስቡ። በሊትር 0.5 ሞል ቢኖረው፣ አጸግብሮቱም በሞል 100 ኪሎ ጁል ቢለቅ፣ ውስጡ ገና ያልወጣ 25,000 ኪሎ ጁል አለ፤ መውጫውም ጠባብ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ቱቦ ውስጥ ያለው ግማሽ ኪሎ ጁል ነው፤ አንድ ስኒ ሻይ በ1 ዲግሪ ገደማ ቢያሞቅ ነው፤ እሱንም ግድግዳው ወዲያው ይወስደዋል። የሚጠፋው ሥራው ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ለፓምፖቹ የኮምፒውተር ዩፒኤስ ይበቃል፤ ለዘይት ማሞቂያው ግን አይበቃም፤ እሱ ቢቀዘቅዝ ይቀዝቅዝ፣ ቱቦው በንጹሕ ማሟሚያ ይታጠባል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ወባን የሚመለከት ስለሆነ። አገራችን ከ2004 ጀምሮ ለፋልሲፓረም ወባ የምትጠቀመው ኮአርተም የተባለውን፣ ከአርቴሚሲኒን የሚሠራውን መድኃኒት ነው። አርቴሚሲኒን የሚገኘው ከአርቴሚሲያ ተክል ነው፤ የእኛዎቹ ጭቁኝና አሪቲ ዘመዶቹ ናቸው። ተክሉ ወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልም ላይ ተሞክሯል። ተክሉ ሲጨመቅ ከአርቴሚሲኒኑ ሌላ ዳይሃይድሮአርቴሚሲኒክ አሲድ የሚባል ነገር ይተርፋል፤ እንደ ቆሻሻ ይታይ ነበር። በ2012 ጀርመን ፖትስዳም በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ፒተር ዜበርገርና ፍራንሷ ሌቬክ ይኼን ትራፊ በብርሃንና በኦክሲጅን ወደ አርቴሚሲኒን ለወጡት። ብርሃን ትልቅ ጋን ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገብቶ ይዳከማል፤ መካከሉ ጨለማ ነው። እነሱ ግን መብራቱን በቀጭን ቱቦ ጠመጠሙት፤ ቱቦው ውስጥ ጨለማ የሚባል ቦታ አልቀረም፤ ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል። እንዲህ ያለው ነገር ሲነገር «አሃ፣ እኛ ለምን አላሰብነውም?» የሚያሰኝ ነው፤ ዕቃው መብራት፣ ቱቦ፣ ፓምፕና የኦክሲጅን ሲሊንደር ነውና።

በ2016 ደግሞ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሰዎች፣ ጄሚሰን፣ ጄንሰንና ማየርሰን፣ ፍሪጅ የሚያህል ሥርዓት ሠርተው አራት መድኃኒቶችን ተራ በተራ አመረቱበት፤ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ሊዶካይን፣ ዳያዜፓምና ፍሉኦክሴቲን። ከአራቱ ሊዶካይንን ልውሰድ፤ ጥርስ የተነቀለ ወይም ቁስል የተሰፋለት ሁሉ ያውቀዋል። ቁጥሩን አብረን እንሥራ። በሊትር 0.5 ሞል የያዘ ፈሳሽ በደቂቃ 2 ሚሊ ሊትር ቢፈስ፣ አጸግብሮቱም ሙሉ ቢሆን፣ በደቂቃ 1 ሚሊ ሞል ይወጣል። በ24 ሰዓት 1.44 ሞል፤ የሊዶካይን ሞለኪውላዊ ክብደት 234 ስለሆነ 337 ግራም ገደማ። 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የ2 በመቶ ብልቃጥ 400 ሚሊ ግራም ነው የሚይዘው። ስለዚህ እርሳስ ከሚያህል ጥቅል በቀን ከ800 ብልቃጥ በላይ የሚሞላ ንጥረ ነገር ወጣ ማለት ነው። ይኼ በወረቀት ነው። በተግባር በመንጻቱ ሂደት የሚቀንስ አለ፤ በመጀመሪያው ደረጃ የሚፈጠረውም ጨው ማሟሚያው በጥንቃቄ ካልተመረጠ ቱቦው ውስጥ ይጠነክራል። የተደፈነ ጀበና አይታችኋል አይደል? ከዚያ በላይ ያበሳጫል። ጠጣር ነገር የፍሰት ኬሚስትሪ ዋና ጠላት ነው፤ ይኼን የማይነግራችሁ ሻጭ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ወደዚሁ ሰፈር። ከዚህ ወደ ደቡብ፣ ጅማ መንገድ ላይ፣ ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል አለ፤ አጠገቡም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየአገሩ መጥተው የሰፈሩበት መንደር ነው፤ ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ይኖሩበታል። በ1982 የዓለም ጤና ድርጅት ዳፕሶን፣ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን አንድ ላይ እንዲሰጡ ከመከረ በኋላ በሽታው የሚድን ሆነ። ከ1995 ጀምሮ መድኃኒቱ በዓለም ዙሪያ በስጦታ ነው የሚሰጠው፤ መጀመሪያ በጃፓኑ ኒፖን ፋውንዴሽን፣ ከ2000 ወዲህ በኖቫርቲስ። ስጦታውን አላጣጥልም፤ ሰው አድኗል። ነገር ግን ዳፕሶን እኮ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ አወቃቀሩን አይቶ መንገዱን ሊያወጣለት የሚችል ሞለኪውል ነው። (ሪፋምፒሲን ሌላ ነው፤ እናቱ ባክቴሪያ ናት፤ እሱ ጋን ይፈልጋል።) በአገራችን ያሉት የመድኃኒት ፋብሪካዎች በዋናነት የሚያደርጉት ከሕንድና ከቻይና የመጣውን ንጥረ ነገር መለካት፣ መቀላቀል፣ ክኒን አድርጎ መጫንና ማሸግ ነው። ይኼም ቀላል ሥራ አይደለም። ሆኖም መጋቢት 2020 ኮቪድ ሲመጣ ሕንድ 26 ንጥረ ነገሮችንና ከእነሱ የሚሠሩ መድኃኒቶችን ወደ ውጭ እንዳይላኩ ከለከለች፤ ፓራሲታሞል ሳይቀር። ክልከላው ብዙ ሳይቆይ ላላ። ግን ያን ጊዜ መድኃኒት ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ነገሩን ያውቃል።

የ2015ቱ ብሔራዊ የመድኃኒት ማምረቻ ልማት ስትራቴጂ ለ10 ዓመት ተብሎ ሲወጣ ዓላማው የአገር ውስጥ ምርትን ማሳደግ ነበር። የክሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክም ለዚሁ ተሠራ። ነገር ግን ንጥረ ነገሩን የሚሠራ ሰው ከየት ይመጣል? ከእኛ ነው እንጂ ከየት! እኛ ግን ለተማሪዎቻችን የምናስተምረው አንድ ፍላስክ ይዞ አንድ ግራም ማውጣትን ነው። ግራሙ ኪሎ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር፣ ሙቀቱ የት እንደሚሄድ፣ ፓምፕ ምን እንደሆነ አናስተምርም። ያ የኬሚካል ምሕንድስና ነው ብለን ለጎረቤት ትተነዋል። ጎረቤቱ ደግሞ ሞለኪውሉ የኬሚስት ነው ይላል።

ከመጠን በላይ ተስፋ እንዳልሰጥ ልጠንቀቅ። ፓራሲታሞልን በቱቦ ሠርተን በሺዎች ቶን ከሚያመርቱት ጋር በዋጋ አንወዳደርም፤ እንዲህ የሚላችሁን አትመኑ። የሚያዋጣው በመጠን ትንሽ፣ ሲጠፋ ግን ሰው የሚጎዳው ዓይነት መድኃኒት ላይ ነው። እሱም ቢሆን ወደ ታማሚ ከመድረሱ በፊት የጥራት ቁጥጥርና ፈቃድ ይጠይቃል፤ በመርፌ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ከጀርም መንጻት አለበት። ቱቦ መግጠም ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው። መነሻ ኬሚካሎቹም ከውጭ ነው የሚመጡት። ደቡብ አፍሪካ ኔልሰን ማንዴላ ዩኒቨርሲቲ ፖል ዋትስ በኤችአይቪ መድኃኒቶች ላይ በፍሰት የሚሠራው፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲም ፍራንክ ጋፕተን በኔቪራፒን ላይ የሠራው ሥራ ያስተማረኝ ይኼንኑ ነው። ብልሃቱ ያለው መጀመሪያ ርካሽ መነሻ በመፈለግ ላይ ነው፤ ቱቦው ቀጥሎ ይመጣል። ደንቡን በተመለከተ ግን መንገዱ ተከፍቷል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2015 በተከታታይ መንገድ የሚመረት ክኒን ፈቅዷል። ዓለም አቀፉ የአይሲኤች መመሪያ፣ ኪው 13 የሚባለው፣ በ2022 ጸድቋል። «ሕጉ አይፈቅድም» የሚል ሰበብ የለንም።

እንግዲህ ስለ ስጦታው። ሙሉው ማሽን በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ ነው። ያምራል፤ ስክሪን አለው፤ ሪባን ለመቁረጥም ይመቻል። ስሙን በማልጠራው አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲህ ያለ ውድ መሣሪያ አይቻለሁ፤ ሌላ ዓይነት ነው፣ ግን ያው ነው። አንዲት የጎማ ማተሚያ አልቃበት፣ የሶፍትዌሩም ፈቃድ ጊዜው አልፎ፣ ፕላስቲክ ተሸፍኖ አራት ዓመት ተቀምጧል። ተማሪዎቹ ላዩ ላይ ደብተራቸውን ያስቀምጣሉ። ማተሚያዋ የምትገዛው ከአንድ ኩባንያ ብቻ ነው፤ የምትገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ማሽኑ ሲበላሽ የሚከፍተው ሰው ከሌለ፣ ዕውቀቱ ያለው በሻጩ እጅ ነው እንጂ በእኛ አይደለም።

እኔ የምለው በዚያው ገንዘብ ሦስት ጠረጴዛ እናቁም ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ፓምፕ፣ የቴፍሎን ቱቦ በጥቅል፣ መገጣጠሚያዎች በደርዘን፣ ሁለት ሁለት የግፊት መቆጣጠሪያ፣ አንድ የዘይት ማሞቂያ፣ አንድ ዩፒኤስ። መለዋወጫው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይገዛ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንድ ቴክኒሻን የሁለት ዓመት ደመወዝ ይያዝ፤ በስጦታ ዝርዝር ላይ አያምርም፣ ሪባንም የለውም፣ ግን ዕቃውን በሕይወት የሚያቆየው እሱ ነው። ለትምህርት ክፍሉ ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከሦስተኛ ዓመት የቤተ ሙከራ ሥራዎች ሁለቱ ወደ ፍሰት ይዙሩ። አንዱ ክሪስታል ቫዮሌቱ ይሁን፣ መርዝነቱም ወጪውም ትንሽ ነው፤ ሌላውን መምህራኑ ይምረጡ። ኮርስ ይከፈት አላልኩም፤ ኮርስ ለማስከፈት የሚሄደውን ወረቀት አውቀዋለሁ።

ውጭ ላላችሁት ጓደኞቻችን የተለየ ልመና አለኝ። የምትሠሩባቸው ቦታዎች ያረጁ የኤችፒኤልሲ ፓምፖችን በየጊዜው ያስወግዳሉ። ለትንተና አይመቹም የተባሉት ለእኛ ሥራ ይበቃሉ፤ በደቂቃ ከ0.1 እስከ 10 ሚሊ ሊትር በትክክል ከገፉ ሌላ አንፈልግም። ስትልኩ ግን ማተሚያዎቹንና የአጠቃቀም መጽሐፉን አብራችሁ ላኩ፤ የሞዴሉን ቁጥር አስቀድማችሁ ጻፉልን፣ የጉምሩኩን ወረቀት ከዚህ እንጀምራለን። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት ፓምፑን ገልብጣችሁ ከጀርባው ያለውን አንብቡ፤ 220 ቮልት የሚቀበል ይሁን።